የአባዬ ኮምፒውተር፦ ከ160 ጊጋ ወደ 1 ቴራ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አባዬ ጠዋት ደወለ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ቦታ ሞልቶበታል፤ አሁን ደግሞ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀምሯል» አለኝ። ስልኩን ወደ ኬዙ አስጠግቶ ሊያሰማኝ ሞከረ። እኔ የሰማሁት የእማዬን ድምፅ ነው፦ «አይጥ ሳይገባበት አይቀርም በላት!»

ከሰዓት በባጃጅ እነ አባዬ ቤት፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ፣ የእማዬን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780። ኮር ቱ ዱዎ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። አባዬ ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ ያገለገለ የገዛው ነው። ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆነ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩም አባዬም።

ድምፁ እውነት ነው። ፎልደር ስከፍት ጠቅ... ጠቅ... ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ለአሥር ሰከንድ ያህል ድርቅ ብሎ ይመለሳል። ሲ ድራይቭ ቀልቷል፤ ከ149 ጊጋ የቀረው 1.3 ብቻ ነው። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ፣ የጥምቀት ፎቶ በየዓመቱ፣ ማን እንዳወረደው የማይታወቅ መዝሙር ሦስት ሦስት ጊዜ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሳሁ። ዲስክ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን ያነባል። ቢጫ ሆነ። ቢጫ ያደረገው ሁለት መስመር ነው። አንዱ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (ዲስኩ መረጃ የሚያስቀምጥባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥራል፤ እሱ እንኳ ብዙም አያስደነግጥም። ሁለተኛው ነው ሆዴን ያላወሰው፦ ለመነበብ እምቢ ብለው ፍርዳቸውን የሚጠብቁ ሴክተሮች። «30» ይላል። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር የሚጽፈው በ16 መሠረት ስለሆነ 30 ማለት 48 ነው። የሠራበት ሰዓት ደግሞ 31,000 አልፏል።

ልጨምርለት የመጣሁት ቦታ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ያለውን ማትረፍ ነው።

ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዕድር» የሚለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገለበጥኩና ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። የዲስክ ስህተት ፈልጎ የሚያርመውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቼክ ዲስክን፣ አላስኬድኩም። የሚሞት ዲስክ ላይ ቼክ ዲስክ ማስኬድ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ዳገት እንደ ማስወጣት ነው፤ ለማስተካከል ብሎ ሲጽፍና ሲሰርዝ የቀረውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩ። «እስክመለስ እንዳትነካው» አልኩት።

«ቃለ ጉባኤውስ?»

«በእጅህ ጻፈው አባዬ። እጅ ጽሑፍህ እንደሆነ ያምራል።»

አልተደሰተም።

እሑድ፣ ጥር 17

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የተማረ የአጎቴ ልጅ አለ። የዘመዱ ሁሉ ኮምፒውተር ሲታመም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ደወልኩ። ሳያስጨርሰኝ፣ «አዲስ ዲስክ ግዢ፣ ዊንዶውስ 10 ጫኚበት፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርጊ፣ አለቀ» አለ። ለብዙ ሰው ትክክለኛ ምክር ነው። (ዊንዶውስ 10ም ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። የ7ቱ ደግሞ ጥር 2012። አንዱን ጡረተኛ በሌላ ጡረተኛ መተካት ነው።)

ማታ ላይ የዕድሩን ፎልደር በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ፋይል የ1996 ቃለ ጉባኤ ነው። የወጣው ግን አማርኛ አይደለም። የእንግሊዝኛ ሆሄ ከቅንፍ፣ ከፐርሰንት ምልክትና ከማላውቀው ጭረት ጋር ተደበላልቆ ዶሮ የጫረው መስሏል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ነው።

ለማያስታውስ ልንገረው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በብልሃት ነበር። ለፈረንጅ ሆሄ በተመደበው ቁጥር ላይ የኛን ፊደል ሥዕል ያስቀምጡበታል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ፈረንጁን ነው። «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ «ሀ»ም የለም።

አዲስ ዊንዶውስ ብጭንለት የሃያ ዓመት የዕድር ሰነድ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ሐዘን ስንት ወጣ፣ ድንኳኑ መቼ ተገዛ። የፕሮግራሙ ሲዲ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የአባዬ ጣት ደግሞ የለመደው ያንን ኪቦርድ ነው፤ «ሸ» የት እንዳለች ሳያይ ይመታል። ሌላ አቀማመጥ አስተምረዋለሁ ብዬ አልሞኝም።

ወሰንኩ። አዲስ መጫን የለም። ዲስኩን እንዳለ፣ ከነፎንቱ፣ ከነኪቦርዱ፣ ከነዴስክቶፑ ዝርክርክ ወደ ትልቅ ዲስክ መገልበጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ከሥራ ስወጣ ዲስክ ፍለጋ። 3.5 ኢንች ዲስክ በዩኤስቢ ለመክፈት 12 ቮልት ስለሚፈልግ መሰኪያውን ከነኃይል ሰጪው፣ ላፕቶፔንም በቦርሳ ይዣለሁ። ልክ ሻጭ መስዬ።

የመጀመሪያው ሱቅ፦ «እህቴ፣ 1 ቴራ፣ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተፈታም።» ላስቲኩ እውነትም አልተፈታም። ጠርዙ ላይ ግን ተራ ስኮች ተለጥፏል።

«ሰክቼ ልየው?»

«ምን ያይለታል? አዲስ ነው እኮ!»

«አዲስ ከሆነማ ምን ይሆናል?»

እያጉረመረመ ፈቀደ። የሠራበት ሰዓት 26,400። ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ይህኛው ሦስት ዓመት ሌት ተቀን ሠርቷል። እንዲህ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የጥበቃ ካሜራ ዲስክ ነው። ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት። አላፈረም። «ያው ጥሩ እየሠራ የመጣ ነው ማለት ነው» አለ። መልሱን ወደድኩለት፤ ዲስኩን ግን መለስኩለት።

ሁለተኛው ሱቅ «ያገለገለ ነው» ብሎ ጀመረ። 410 ሰዓት፣ ሁለቱም የሚያስፈሩ መስመሮች ዜሮ። 3,800 ብሎ በ3,400 ብር ተስማማን። ደረሰኙ ላይ «በአንድ ሳምንት ይመለሳል» አስጻፍኩ። ይህን ሰዓት ወደ ዜሮ የሚመልሱ ሰዎች ስላሉ ቁጥሩን ብቻ ማመን አይቻልም። ግን እውነቱን ብሎ የጀመረ ሰው ይሻላል።

4 ቴራም ነበረው። የአባዬ ማሽን ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) የድሮ ስለሆነ ግን ዊንዶውስ የሚነሳበት ዲስክ ከ2.2 ቴራ በላይ ቢሆን ትርፉን አያየውም። ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘግበው የድሮው ሰንጠረዥ ሴክተር የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው፤ በ512 ባይት ስታባዛው እዚያ ላይ ያልቃል። ገንዘብ ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ለምን አልገዛሽም የሚል አለ፤ የአጎቴ ልጅ ሁለቴ ደውሎ ብሎኛል። ለፍጥነት ቢሆን ልክ ነው፣ ያ ማሽን ይበር ነበር። ግን በዚያ ዋጋ የማገኘው ሩብ ቴራ ነው። አባዬ ቦታ ነው የጠየቀኝ፤ ስለ ፍጥነት አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ማታ ልምጣ ብዬ ደወልኩ። «በማርያም ዕለት ብሎን ሊፈታ?» አለ አባዬ። ለመብላት ከሆነ ግን ነይ ተባልኩ። ሄድኩ። በላሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

አባዬ ከጊዮርጊስ እስኪመለስ ኬዙን ከፈትኩ። የዴልን ነገር እወደዋለሁ፤ መያዣውን ስትስበው ጎኑ ይከፈታል፣ ካቻቢቴ አይፈልግም። ውስጡ ሌላ ታሪክ ነው። የማራገቢያው ክንፍ ላይ አቧራው እንደ ባና ተጠቅጥቋል። ከሥሩ ደግሞ የጣና ትንኝ በመቶ የሚቆጠር ሬሳ፣ ደርቆ እንደ ጤፍ ተቆልሏል። ማታ ማታ በብርሃኑ ተስቦ ይገባል፣ አይወጣም። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። እማዬ ከኋላዬ ቆማ፣ «ይሄን ሁሉ ይዞ ነው ሳሎኔ የተቀመጠው!»

ሁለቱን ዲስኮች እንዳላምታታ ነጭ ፕላስተር ቆረጥኩ። በአሮጌው ላይ «ታማሚ»፣ በአዲሱ ላይ «አዲስ» ብዬ ጽፌ ልለጥፍ ስል አዲሱ ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ አየሁ፤ «አትሸፍን» ተብሎ ተጽፎባታል። ዲስኩ የሚተነፍስባት ናት። ውስጡ ሳህኑ ይሽከረከራል፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፤ አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ በቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ከሳሳ መንሳፈፉ ይቀራል። ብዙ ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ነው የሚፈቀድለት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ችግር የለም። ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ ላይ የድሮ ላፕቶፕ የሚከፍት ግን ከልክ በላይ ወጥቷል። ፕላስተሩን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ።

ለአዲሱ ትርፍ ገመድ ስላልነበረ የዲቪዲውን ሳታ (የመረጃ) ገመድና የኃይል ገመድ ነቅዬ ሰጠሁት። አባዬ ዲቪዲ ከከፈተ ዘመን የለውም።

ኮምፒውተሩን ሳበራው ሰዓቱ ጠፍቷል የሚል መልእክት መጣ። ኤፍ 1 ብዬ አለፍኩት። (ይህችን ቦታ ያዙልኝ።) በዊንዶውስ ፋንታ ከፍላሽ ሲስተም ረስኪው የሚባለውን ሊነክስ (ሌላ ሥርዓተ ክወና) አስነሳሁ።

ለመገልበጥ የመረጥኩት ከሚሞት ዲስክ ላይ መረጃ የሚያተርፈውን ፕሮግራም፣ ዲዲረስኪውን፣ ነው። ጤነኛ ዲስክ ቢሆን ክሎንዚላ የሚባለው ተራ የዲስክ መገልበጫ ይበቃኝ ነበር፤ እሱ ግን እንዳለ ሲሄድ የማይነበብ ሴክተር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዲዲረስኪው እንደ ገበሬ ነው። መጀመሪያ ቀናውን አጭዶ ይሰበስባል፤ አስቸጋሪውን ይዘልለዋል። በመጨረሻ ተመልሶ ቃርሚያውን ይለቅማል።

ትእዛዙን ጻፍኩና እንተር ላይ ጣቴን አንጠልጥዬ ቆየሁ። ምንጭ መጀመሪያ፣ መድረሻ ቀጥሎ። ካገላበጥኩት ባዶው ዲስክ በአባዬ ዲስክ ላይ ይጻፋል። የሁለቱን መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አነበብኩ፣ ከፕላስተሩ አጠገብ ካለው ጋር አስተያየሁ፣ እንደገና አነበብኩ። መታሁት።

በሴኮንድ 60 ሜጋ ይነጉዳል። በዚህ ከቀጠለ 160 ጊጋ ከሦስት ሩብ ሰዓት አያልፍም። እማዬ ቡና አቀረበች። አባዬ ከጊዮርጊስ ገብቶ ቁጥሩን እንደ ኳስ ጨዋታ ተቀምጦ ያየው ጀመር። 50። 60። 71።

መብራት ሄደ።

ማንም ምንም አላለም። ፍሪጁ ዝም አለ፣ ከጎረቤት «ውይ!» ተሰማ። እኔ ግን ልቤ ወረደ። መብራት ይሄዳል፣ ያንን መቼ አጣሁት። ዲዲረስኪው የት ድረስ እንደደረሰ የሚመዘግብበት ካርታ አለው፤ ካርታው ካለ ከቆመበት ይቀጥላል። እኔ ካርታውን ያስቀመጥኩት ግን በዚያው ከፍላሽ በተነሳው ሊነክስ ውስጥ ነው። እሱ የሚኖረው ራም ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ።

ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ።

የሚያናድደው ጊዜው አይደለም። የሚሞተውን ዲስክ ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና ማስኬዴ ነው።

እሑድ፣ ጥር 24

ሁለተኛ ፍላሽ ይዤ መጣሁ፤ ካርታው እሱ ላይ ይጻፋል። በድጋሚ ሲነሳ የዲስኮቹ ስም ሊቀያየር ስለሚችል መለያ ቁጥሩን እንደገና አስተያየሁ። ከዜሮ ጀመርኩ።

88 ላይ መብራት ሄደ። አባዬ አየኝ። እኔም ሻማውን አየሁ። አርባ ደቂቃ ቆይቶ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ፣ ያንኑ ካርታ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር 88 ነው። እጄን አጨበጨብኩ። ቃርሚያው ደግሞ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ወሰደ፤ አሮጌው ዲስክ ጠቅ ጠቅ እያለ፣ አንዳንዴ እያቃሰተ። መጨረሻ ላይ ያልተነበበው 16 ኪሎ ባይት ብቻ ሆነ። ከ160 ጊጋ 16 ኪሎ!

አሮጌውን አወጣሁ። መንታ ሆነው ከተሰኩ ዊንዶውስ ግራ ይጋባል፤ የዲስኮቹ ፊርማ አንድ ስለሆነ አንዱን ይዘጋዋል። አዲሱን በአሮጌው ቦታ፣ ሰማያዊው ፕላስቲክ ውስጥ አስገባሁት። ዲቪዲውም ገመዱ ተመለሰለት።

የዊንዶውስ አርማ ወጣ። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ እንደገና ተነሳ። እንደገና። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ኮዱን አነበብኩ፤ በ7ቢ የሚያልቀው ነው። የምነሳበትን ዲስክ አጣሁት ማለቱ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ግልባጩ ተበላሸ ብዬ ተክዣለሁ። ዳነ ያልኩትን ሰው ማርዳት መሰለኝ። ራት ላይ ነው የበራልኝ። ያ ኤፍ 1 ብዬ ያለፍኩት የሰዓት መልእክት!

ሰኞ፣ ጥር 25

የሆነው ይህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትይዘው እሷ ናት። ደክማ ኖሯል። መብራት ለሁለት ሰዓት ሲጠፋ ትችለዋለች። እኔ ግን ለሳምንት ነቅዬ ስተወው አለቀች። ባዮሱ ሁሉንም ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ «ሬይድ» ተቀየረ። ሊነክስ ለዚህ ደንታ የለውም፤ ዊንዶውስ 7 ግን የሚያውቀው በር ካልሆነ አይገባም።

ከአንድ ሰዓት ሠሪ ባትሪ ገዛሁ። ስቀይረው አባዬ የስክሪኑን ቀን አነበበ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። «ተዪው፣ አታስተካክዪው» አለ፣ «ጡረታ ሳልወጣ ነው።»

ኤፍ 2፣ ኤኤችሲአይ፣ አስቀምጥ፣ ውጣ። ተነሳ። ያው ዴስክቶፕ፣ ያው ዝርክርክ፣ ያው የእህቴ ልጅ ፎቶ። አባዬ የ1996ቱን ቃለ ጉባኤ ከፈተ፤ አማርኛ ነው። አንድ መስመር ጻፈ። «ሸ» በቦታዋ አለች።

አሁን ነው ቼክ ዲስክ ያስኬድኩት፣ በጤነኛው ግልባጭ ላይ። ሲ ድራይቭን ባዶውን ቦታ አስበልቼ ወደ 249 ጊጋ አሳደግሁ፣ የቀረውን 682 «የአባዬ» ብዬ ዲ አደረግሁለት። አባዬ በወረቀት ደመረ። 931።

«1,000 አይደለም እንዴ የገዛሽው? ተሸውደሻል።»

አልተሸወድኩም። ፋብሪካው ጊጋን የሚሰፍረው በሺ እያባዛ ነው፣ ዊንዶውስ በ1,024። እህሉ አንድ ነው፣ ቁናው ነው የተለያየው። የሻጭ ቁና ሁልጊዜ ትንሽ ናት። እዚህ ላይ ገባው።

ያልተነበበው 16 ኪሎ ባይት የት እንደወደቀ ማታ ተገኘ። የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ነው። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሲገቡ ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ አረንጓዴ ካሬ በካሬ ይሆንና ይመለሳል። እህቴን ደውዬ ነገርኳት። «የትኛው ሚዜ ላይ?» አለች። ስነግራት ሳቀች። «እሱስ ይቅር።»

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ሳምንቱን ደህና ሰንብቷል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ ሁለቱ መስመሮች ዜሮ፣ ጠቅታ የለም። ፍጥነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ የፎንቶቹን ፋይሎች ከዊንዶውስ ውስጥ አውጥቼ ፍላሽ ላይ አኖርኩ። ላፕቶፔ ላይ ስጭናቸው ያ ዶሮ የጫረው ጽሑፍ ወዲያው አማርኛ ሆነ። አባዬ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ያለውን ቃለ ጉባኤ አንድ በአንድ ፒዲኤፍ እያደረገ ነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። አሁን 1999 ላይ ደርሷል። እየከፈተ ስለሚያነበው ነው የዘገየው። «እኚህ ሰውዬ ያኔም ወርሃዊ ክፍያ ያሳልፉ ነበር» ይላል ለራሱ።

«ታማሚ»ን ልጥለው አልደፈርኩም። ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀመጥ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ቡና ጠጥተን ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የለም። እማዬ በዳንቴሉ ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ቆልፋበታለች።